የሱዙ ጩኸት

ጁን 9፣ ሰኞ

ከኤጀንሲው ተደወለ። «ቶሞኤ ሳን፣ የሱዙን ነገር ለመነጋገር ነው፤ ነገ ብቅ ይበሉ» ብሎ ዘጋው። የሱዙን ነገር! ዘጠኝ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ስልክ። ሱዙን በድምፅ የተጫወትኩበት የቴሌቪዥን ካርቱን «ማደሪያ ሰባት» በፊልም ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ሲናፈስ ነበር። ታዲያ ከእኔ ሌላ ለማን ይደውላሉ?

ከአሳጋያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው ኬክ ቤት እንጆሪ ያለበት ኬክ ገዝቼ ገባሁ። ሁለት ቁራሽ። ሁለቱንም ለብቻዬ ጨረስኳቸው።

ጁን 10፣ ማክሰኞ

ኬኩ በአፍንጫዬ ወጣ።

ሱዙን የምጫወተው እኔ አይደለሁም። ናጉሞ የሚባል አዲስ የድምፅ ዳይሬክተር «የልጅን ድምፅ ልጅ ታሰማልኝ» ብሎ ካዋጌ ከተማ ካለ የመዘምራን ቡድን አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ መርጧል። የእኔ ድርሻ ልጅቷን ማስተማር ነው። በዚያ ላይ «ትንሽ ሚናም አለችዎት» ተባልኩ። ምን ብትሆን ጥሩ ነው? በባቡር ጣቢያ ትዕይንቱ ላይ ያለች የድምፅ ማጉያ። «ባቡሩ ሊነሳ ነው፤ እባክዎ ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ ይበሉ።»

ይባስ ብሎ በኤጀንሲው የእኔን ሥራ የሚከታተለው ኃላፊዬ፣ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ፣ ታሪኩ የተነሣበትን የሥዕል መጽሐፍ፣ ማንጋውን፣ ገልጦት አያውቅም። ቁጭ አድርጌ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። በአደጋና በበሽታ ሊሞቱ የነበሩ ትንንሽ ሴት ልጆችን አንድ የመንግሥት ምስጢራዊ ቢሮ እንደሚወስዳቸው። ግማሽ አካላቸውን በብረት ተክቶ ነፍሰ ገዳይ እንደሚያደርጋቸው። ለእያንዳንዷ አንድ ሞግዚት እንዳላት፣ የሞግዚቱ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ በተተከለ ነገር እንደሚገባ፣ ያን ድምፅ እምቢ ማለት እንደማይሆንላት። ሱዙ ከሁሉም ታናሽ መሆኗን።

«ደስ ሲል!» አለ። ደስ ሲል ይላል!

እሺ አልኩ። ለሥራው ፍቅር ስል ነው። ሱዙን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ቤት መኖር አለበት።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ዝናቡ አልቆመም። ኤጀንሲው ምድር ቤት ባለው ልምምድ ክፍል ከልጅቷ ጋር ተገናኘን። ኮናትሱ ሺራኪ ትባላለች። ከእድሜዋ ታንሳለች፤ ጉልበቷ ላይ ፕላስተር ለጥፋለች። እናቷ በጨዋ ደንብ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ከእኔ ጋር ስትሆን ታፍራለች» አሉ።

«እውነት ሱዙ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ በሩ እንደተዘጋ።

«ነበርኩ።»

«እኔና ወንድሜ በቴሌቪዥን የወጣውን ሁሉንም ክፍል አይተናል። እሱ ሱዙ ስትጮህ ሁልጊዜ ጆሮውን ይይዛል። እኔ ግን አልይዝም።»

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ያን ጩኸት ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ሱዙ ሞግዚቷ ኦጋታ ሞቶ ስታገኘው ስሙን እየጠራች የምትጮኸው። ለጩኸቱ ብለው ብቻ ከሳፖሮ ድረስ ደብዳቤ የጻፉልኝ አሉ።

ከዚያ አነበበች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው የምታወራ ይመስላል። ነፍሰ ገዳይ እንዲህ አታወራም። አስቆምኳት፣ አሳየኋት።

«እሺ መምህር» አለች።

ጁን 19፣ ኀሙስ

የስክሪፕት ስብሰባ ነበር። ሻይ ከሚሸጠው ማሽን ጀርባ ቆሜ ሳለ ናጉሞ በቤተሰቤ ስም እየጠራኝ ለፕሮዲዩሰሩ የሚያወራውን ሰማሁ።

«ኩዙሃራ ጎበዝ ናት፤ እሱን አልክድም። ግን አርባ የሞላት ሴት፣ ልጅ ልሁን ስትል ይሰማኛል። አንዴ ከሰማሁት ደግሞ ሌላ ነገር አይሰማኝም።»

ሠላሳ ስምንት ነኝ።

ጁን 22፣ እሑድ

ሠላሳ ስምንት!

ሰጋዋ ሳን ስልሳ ሦስት ሞላቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኦጋታ ነበሩ፤ ፊልሙም ላይ ኦጋታ እሳቸው ናቸው። ማንም «አርጅተዋል» አላላቸውም። የወንድ ድምፅ አያረጅም መሰለኝ፤ ወይ ሲያረጅ ስሙን ይቀይሩለታል። «ግርማ ሞገስ» ይሉታል።

ይህንኑ በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ቶሞ ልጄ፣ እኔ እኮ ድሮም የማሰማው የሽማግሌ ድምፅ ነው። አንቺ ነሽ በሰው ዕድሜ የምትነግጂው» አሉኝ። ስልኩን ልዘጋባቸው ምንም አልቀረኝም።

ጁን 28፣ ቅዳሜ

ከኮናትሱ ጋር አራተኛ ልምምድ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ እንደሱ እንዳይባል። የነገርኳትን ሁሉ ታደርጋለች። «ከደረትሽ» ስላት ከደረቷ፣ «ጥርስሽን ነክሰሽ» ስላት ነክሳ። ግን የራሷ ልማድ አላት። ከቃሉ በፊት ትንፋሿን ትይዝና ቃሉን ቀስ ብላ ትለቀዋለች፤ ሞቆ እንዳያቃጥል የሚፈሩትን ሾርባ እንደሚያስቀምጡ። ናጉሞ የሚወደው ይህንን እንደሆነ ገብቶኛል። ተመልካቹ ግን አይወደውም። ተመልካቹ ሱዙን ያውቃታል።

ስለዚህ የድሮውን ቅጂ አመጣሁ። የእኔን። በጆሮ ማዳመጫ እያሰማኋት አብራኝ እንድትል አደረግኩ፤ ሲቆራረጥባት እኔ በማይኩ ጆሮዋ ውስጥ እገባላታለሁ። «አሁን! ከፍ! እንደዚያ አይደለም!» ወደ ማታ ላይ ልክ መጣች። ዐይኔን ጨፍኜ ስሰማ ማን እንደሚናገር መለየት አቃተኝ።

ናጉሞ ያዘዘው ይህንን አይደለም፤ አውቃለሁ። ውጤቱን ሲሰማ ግን ይገባዋል።

ጁላይ 2፣ ረቡዕ

ሙቀቱና እርጥበቱ ሊገድለኝ ነው። የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ቀረጻ። «ዛሬ የሳልሞን ቀን ነው!» የሚለውን በደስተኛ ልጃገረድ ድምፅ። ጥሩ ወጣልኝ። አየህ ናጉሞ?

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ወደ ጩኸቱ ደረስን።

መጀመሪያ ራሷ እንደሚመስላት እንድትሞክረው ፈቀድኩላት። አልጮኸችም። «ኦጋታ ሳን» አለች፣ በቃ። የተኛ ሰው የሚቀሰቀስበት ዓይነት፤ እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል። ሰጋዋ ሳን በአጋጣሚ ሊያዩን መጥተው በሩ ጥግ ቆመው ነበር። ሲሰሙ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ትክክል አይደለም» አልኳት።

«እሺ መምህር።»

«ሱዙ ያላት ሰው እሱ ብቻ ነው። ዓለም ተደረመሰባት። ዓለም ሲደረመስ ሰው አያንሾካሹክም!»

«እሺ።»

አስጮህኳት። ደግማ፣ ደጋግማ። በመጀመሪያዎቹ ላይ ፈራች፤ ከዚያ ደፈረች። ሰጋዋ ሳን «በቃ ለዛሬ፣ ልጅቷ ውሃ ትጠጣ» አሉ። «ውሃ ጠጥታለች» አልኩ። ቀስ ብለው ወጡ፤ ደህና ዋይ እንኳ አላሉኝም።

ይህቺ «እሺ» የምትባል ነገር ደግሞ ደሜን ታፈላዋለች። አንድ ጊዜ ተከራከሪኝ! እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እከራከር ነበር።

ጁላይ 6፣ እሑድ

የኮናትሱ እናት ደወሉ። ይቅርታ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። «ላስቸግርዎ ፈልጌ አይደለም፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ድምፅዋ ሻክሯል፤ እንዲህ መሆኑ ያለ ነገር ነው?»

ያለ ነገር ነው አልኳቸው። ይለመዳል። ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ማርና ሞቅ ያለ ውሃ።

እኔ ያለፍኩበት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለማንኛውም ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ልምምድ። ጩኸቱ አሁን ደህና ነው። ከታች ትንሽ ፍርክስክስ የሚል ነገር አለው፤ ለትዕይንቱ እንዲያውም ይስማማል። ኮናትሱ ስትጨርስ «አሁን እርስዎን መሰልኩ?» አለችኝ። በጣም አልኳት። ፊቷ በራ። ስትወጣ እናቷ መጎናጸፊያ በአንገቷ ላይ ጠቀለሉላት። በዚህ ሙቀት!

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

ቀረጻ ተጀመረ። ዮዮጊ ያለው ስቱዲዮ። በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ባቡር ውስጥ።

ሥዕሉ ገና አላለቀም፤ ስክሪኑ ላይ የእርሳስ መስመር ብቻ። ኮናትሱ ማይክሮፎኑ ዝቅ ተደርጎላት ከሰጋዋ ሳን አጠገብ ቆመች። እኔ ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ከናጉሞ ጎን።

መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አስቆማት። ሁለተኛውም ላይ። ከዚያ ድምፁን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን የመነጋገሪያ ቁልፍ ተጭኖ፣

«ኮናትሱ፣ ይህን አነጋገር ማን አሳየሽ?»

አሁን ትነግረዋለች አልኩ፤ ተዘጋጅቼ ነበር። ልመልስለት ነበር።

ኮናትሱ በመስታወቱ አሻግራ አየችኝ። «ራሴ ነኝ ያሰብኩት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። ይቅርታ።»

ናጉሞ ወደ እኔ ዞረ። ስክሪፕቱን እያየሁ ነበር።

አሳጋያ ደረስኩ።

በዚያው ዕለት፣ ቤት

ዝም ያልኩት ሰው ፊት ልጅቷን ውሸታም እንዳላደርጋት ብዬ ነው። በዚያ ላይ «ራሴ ነኝ» ካለች፣ የራሷ አድርጋዋለች ማለት ነው። አስተማሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። አይደለም እንዴ?

ልትመልሺለት የነበረው ምን ነበር ቶሞኤ? ምን ልትይው ነበር?

ምሳ ላይ የታሸገ የሩዝ ኳሷን እስከ ግማሽ በላችና ለመዋጥ አቃታት። አየሁ። ሩዙ ደርቆ ይሆናል አልኩ።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ኮናትሱ ዛሬ አፏን ስትከፍት ምንም አልወጣም። ትንፋሽ ብቻ። ማይክሮፎኑ ላይ ቆማ ደጋግማ ሞከረች፤ ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስል ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። ናጉሞ በሩን በርግዶ ገብቶ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሰጋዋ ሳን ጃኬታቸውን አለበሷት። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ቆምኩ።

ጁላይ 24፣ ኀሙስ

የሐኪሙ ቃል መጣ። አውታረ ድምፅዋ አብጧል፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ደም ቋጥሯል። ለሳምንታት አንዲት ቃል እንዳትናገር። ማንሾካሾክም ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ ይታያል።

ኃላፊዬ ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ተለጥፏል፣ መጠበቅ አይችሉም። ቶሞኤ ሳን፣ ሱዙን እርስዎ እንዲወስዷት ይጠይቃሉ!» ድምፁ ውስጥ እንኳን ደስ ያለዎት የሚል ነገር ነበረበት።

አላስደሰተኝም። የጉሮሮ ከረሜላ ገዛሁ። አዲስ እርሳስ ገዛሁ። የሱዙን ንግግር ሁሉ በቀይ አሰመርኩ። አላስደሰተኝም።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ሠራሁት። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጩኸቱን ጨምሮ። በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። የድምፅ ባለሙያዎቹ አጨበጨቡ።

ናጉሞ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። «ጥሩ ነው። ልክ እንደ ድሮው ነው» አለ። ምስጋና መሆኑን ለማወቅ ከዮዮጊ እስከ ሺንጁኩ በእግሬ እየሄድኩ አሰብኩ። አላወቅኩም። ያናድዳል!

ሰጋዋ ሳን አብረውኝ ነበሩ። ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ነው የሆዳቸውን ያወጡት።

«ቶሞ፣ ማንጋው ቤትሽ አለ?»

«ይኖራል እንጂ። ለምን?»

«ሱዙ እሬሳዬን የምታገኝበትን ገጽ ግለጪው። ያቺ ልጅ በዚያን ቀን ስትጠራኝ ጊዜ ነው ቤቴ ሄጄ የገለጥኩት። ለዘጠኝ ዓመት በእጄ ይዤው አላየሁትም ነበር። እኔም እንዳንቺው ነኝ፤ ልወቅስሽ አይደለም።»

«ምን አለበት ገጹ?»

«እሱን እንኳ ራስሽ እዪው» ብለው ወደ ባቡራቸው ወረዱ። ሰው ለምን እንዲህ ያናግረኛል? የሚነገር ነገር ካለ አይነገርም?

ጁላይ 30፣ ረቡዕ

ገለጥኩት። የሱዙ አፍ በስሱ ብቻ ነው የተከፈተው። የኦጋታ ስም የተጻፈበት ፊደል ከገጹ ሁሉ ትንሹ ነው። ጩኸት የለም። ጩኸቱን የጨመረው የያኔው የቴሌቪዥን ዳይሬክተር ነው። በኋላ ታሪኩን በቲያትር የሠሩትም ሰዎች ከቴሌቪዥኑ ወስደው በመድረክ ላይ አስጮኹ። እኔም በየዝግጅቱ፣ ስጠየቅ ሁሉ፣ ስጮህ ኖርኩ።

መጽሐፉን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አንስቼ የታጠፈውን ጥግ አቃናሁት።

ኦገስት 1፣ ዓርብ

ከካዋጌ ካርቶን መጣ። ኮክ። አንድ በአንድ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ። የኮናትሱ እናት የበጋ ስጦታ። ካርዱ ላይ፣ «በልጃችን ድካም ምክንያት ሥራ ስላበዛንብዎ ይቅርታ። ለደከሙላት ሁሉ እናመሰግናለን።» ከሥሩ በልጅ ጽሕፈት፣ «ሱዙን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ።»

ስለያዙልኝ! ዕቃ አስቀምጣ የሄደች ይመስል፣ ተመልሳ የምትወስደው።

አንዱን ልበላ ላጥኩት። አልሄደልኝም። ሌሎቹ በሙቀቱ እየበሰሉ ቤቱን በመዓዛቸው ሞሉት።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ካዋጌ ሄጄ መጣሁ። ይህን ቁጭ ብዬ በሥርዓት ልጽፈው።

ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። በሩን የከፈቱልኝ እናትየዋ ናቸው፤ ደንግጠው ሦስት ጊዜ ጎንበስ አሉ፤ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ቀዱልኝ። ኮናትሱ ከደረጃው ወረደች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለች ነጭ ሰሌዳ አለች፤ የምትናገረው በእሷ ነው። ወንድሟ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ እሱ እያነበበ እንደ አስተርጓሚ ሆኗል።

ኮናትሱ ጻፈች። ወንድሟ አነበበ። «ጩኸቱ ወጣ ወይ ትላለች።»

«ወጣ» አልኩ።

ደግማ ጻፈች። «ደስ አለዎት ወይ ትላለች።»

ሻዩን ጠጣሁ። ልጁ ሰሌዳውን አጥፍቶ «መልሱላት እንጂ!» አለ። እናቱ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ልጆቹን ወደ ጓሮ አስወጧቸው።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ያዘዘው እንደዚያ እንዳልነበር። የእኔን ድምፅ እንድትገለብጥ ያደረግኩት እኔ መሆኔን። መሻከሩን ሲነግሩኝ ማቆም እንደነበረብኝና «ያለ ነገር ነው» ብዬ እንደዋሸኋቸው። ልጅቷ እኔን ለማዳን ናጉሞ ፊት እንደዋሸች፣ እኔም ስክሪፕቱን እያየሁ ዝም እንዳልኩ። ስጨርስ ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮኹብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ» አሉ። «ያ በር ወፍራም አይደለም። እያንዳንዱን ሰምቻለሁ።»

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ተነስቼ በሩን ልከፍት እያልኩ እንደገና እቀመጥ ነበር። መምህሯ ናቸው፣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው እያልኩ። ሹራብ እየሠራሁ ነበር፤ ስትጮህ እንዳይሰማኝ ጥልፉን እቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አላንኳኳሁም። ስለዚህ ለእኔ ይቅርታ አይጠይቁኝ፤ መቀበያ ቦታ የለኝም።»

ከዚያ ተነሥተው ብርጭቆዬን ሞሉልኝ። እኔም ያን ሻይ ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ?

ስወጣ ኮናትሱ ጓሮ ቲማቲም ውሃ እያጠጣች ነበር። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሙሉውን። ሰሌዳዋን አነሣች፣ እስክሪብቶውን ያዘች፣ ምንም አልጻፈችም። መልሳ አንገቷ ላይ ለቀቀችው።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ለናጉሞ ነገርኩት። ቢሮው ውስጥ፣ ቆሜ።

«ልጅቷ ‹ራሴ ነኝ› ስትል እርስዎ ከጎኔ ነበሩ» አለ።

«አዎ።»

«ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።»

«አላየሁዎትም።»

«ለምን አሁን?»

«ማንጋውን ገለጥኩት።»

እስኪስቅ ጠበቅኩ። አልሳቀም። እሱ ራሱ ያን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ለጥፎታል፤ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ። ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ እዚያ ቢሮ!

ስልክ አነሣ። ፕሮዲዩሰሩ ሲጮህ ከወዲህ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። ናጉሞ የሚፈልገውን ዘረዘረ፦ ሙዚቃው አስቀድሞ ይቀላቀል፣ የልጅቷ ትዕይንቶች ወደ ኦገስት መጨረሻ ይገፉ፣ ሐኪሟ ከፈቀደ። ካልፈቀደስ? «ካልፈቀደ ሌላ ልጅ» አለ ናጉሞ። የእኔ ቀረጻ ይሰረዛል። ስልኩን ሲዘጋው እኔ ገና እንደቆምኩ ነበርኩ።

«በኃላፊነት ይህን ሥራ ሰጥቼዎት ነበር» አለኝ። «የጣቢያውንም ድምፅ ሌላ ሰው ያነበዋል።»

የጣቢያውንም! እሱ ግን ምን አደረገ? ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር! ደረጃውን ስወርድ የተናደድኩት በዚያች ነው። ሱዙን ከእጄ ሲወስዳት አፌን ያልከፈትኩ ሴትዮ፣ ለድምፅ ማጉያው አለቀስኩ።

ኦገስት 14፣ ኀሙስ

ለሙታን መታሰቢያው በዓል ወደ አገሬ አልወረድኩም። እናቴ ተቆጡ። «አባትሽ በመንፈስ ሲመጣ አንቺ የለሽም» አሉኝ። ቢመጣ ምን ልለው ነው?

ሐኪሙ ለኮናትሱ በቀን ጥቂት ቃል ፈቅዶላታል። ሰጋዋ ሳን ናቸው የነገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ አዲስ ዘዴ ሳወጣ አደርኩ፤ ትንፋሽ ብቻ፣ ለስለስ ያለ፣ ጩኸት የሌለበት። ጠዋት ለእናትየዋ ደወልኩ። ያለ ክፍያ እመጣለሁ፣ እናንተ ቤት፣ እርስዎ እዚያው ተቀምጠው፣ ከደከማት ወዲያው እናቆማለን። ያበላሸሁትን እኔው ላስተካክል አልኩ።

«ልጠይቃት» አሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ። ከዛፉ ላይ የበጋው ነፍሳት፣ ሲካዳው፣ ይጮሃል። ከዚያ ከሩቅ፣

«አልፈልግም በያቸው።»

ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር። ከፊቱ ያቺ ትንፋሿ አለች። ምንም ሻካራ ነገር የለበትም፤ ጥርት ያለ ነው።

እናትየዋ ተመልሰው «ይቅርታ፣ ዛሬ ድክም ብሏታል» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳቸው። «ጥሩ ነው። ድምፅዋ በጣም ጥሩ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤቱን አጸዳሁ። ምድጃውን፣ የምድጃውን ጀርባ። ያወጣሁት ዘዴ ጥሩ ነበር እኮ። እውነት ጥሩ ነበር። ቢያንስ ልትሰማው ትችል ነበር።

አይ። አትችልም። ለምንስ ትስማው?

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

ምንም የለም። ሙቀት። ኤጀንሲው ለመኸር የሚሆን ሥራ እንደሌለ ነገረኝ። ኃላፊዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወሬው ተሰምቷል» አለ። ይሰማ።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኮናትሱ ትቀርጻለች። እኔ ቤት ነኝ። ልብስ አጠብኩ፤ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩት።

እናትየዋ ዛሬ ከመስታወቱ በስተጀርባ እንደሚቀመጡ ሰምቻለሁ። እሳቸው ናቸው እንዲህ ካልሆነ አላመጣትም ያሉት።

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

ሰጋዋ ሳን በመጨረሻ ደወሉ። አራት ቀን አስጠበቁኝ!

«ሙሉ ነው፤ ዛሬ ጨረሰች» አሉ። «ድምፅዋ ትንሽ ወፍሯል፤ ማደግ ይሁን ሕመሙ ሐኪሙም አላወቀ። ናጉሞ ግን ወደደው።»

«ጩኸቱስ?»

«የምን ጩኸት?»

«እርስዎን ስትጠራዎት። እንዴት አለችው?»

ከበስተጀርባቸው የሚስታቸው ሳህን ይንኳኳል።

«እሱን አልነግርሽም።»

«ሰጋዋ ሳን!»

«በስልክ የሚነገር አይደለም ቶሞ። ጃንዋሪ ላይ ፊልሙ ሲወጣ ቲኬት ገዝተሽ እንደ ሰው ተሰልፈሽ ስሚው።»

«እርስዎ እሬሳ ሆነው ተኝተው የሰሙትን እኔ ተሰልፌ ልስማ?»

«አዎ» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ተሰበረባቸው፤ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። ደህና እደሪ ብለው ዘጉ።

ተናደድኩ። አሁንም አልበረደልኝም። ግን ፊልሙ የሚወጣበትን ቀን ልጽፍበት የአዲሱን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ፈለግኩ፤ ገና አልተገዛምና የዘንድሮው ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

ነገ በሦስት ሰዓት የሱፐርማርኬቱ ቀረጻ አለ። አሁን የሕፃን ድምፅ አንፈልግም፣ በራስዎ ድምፅ ያንብቡልን ብለዋል። ከራት በኋላ ጽሑፉን ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ፤ «ዛሬ የዱባ ቀን ነው» አልኩ። አንደኛው የሱዙ ሆነብኝ። ሌላኛው የጣቢያው ማጉያ። ሦስተኛው የማንም አልነበረም፤ እናቴ ቢሰሙት «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ሦስተኛውን ደግሜ አልኩት።